ከተማው ሁሉ ያሸው እግሬ

መካነ ሰላም መናኸሪያ ስደርስ ሰው ሊቀበለኝ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም! ሚኒባሱ ሲያንገጫግጨኝ ውሎ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ አፌን አቧራ ሞልቶት ነው የገባሁት። በሩ ተከፍቶ አንድ እግሬን ወደ መሬት እንደሰደድኩ "መጣ! መጣ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ጫኝና አውራጁ፣ ባለሱቁ፣ ባለባጃጁ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አንዱ ሻንጣዬን ነጠቀኝ፣ አንዱ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ደግሞ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩና "ይህቺ ናት?" አሉ። "አዎ፣ ግራዋ ናት" አላቸው አጠገባቸው የቆመው። ፊቴን ልብ ብሎ ያየ የለም። ሕዝቡ የወጣው ለግራ እግሬ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አጥቂ ነኝ፣ ያውም ግራኝ። ከጎረምሳነቴ እስከ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ድረስ የሰው ከተማ ማሊያ ስለብስ ነው የኖርኩት፤ ቆላም ወርጄ ደጋም ወጥቼ፣ አንዱ ክለብ ሲለቀኝ ሌላው ሲያነሳኝ። የሀገሬን ማሊያ ግን ለብሼ አላውቅም፤ የሚለበስም አልነበረም። በዚያ ዓመት ነው ከተማችን ደህና ቡድን ያቋቋመችው። አሰልጣኙ አብሮ አደጌ ነው፣ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል። ስልክ ደወለልኝና ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሁሉ ለሰው ሀገር ስትሮጥ ኖርክ። ዘንድሮ የወረዳዎች ውድድር አለ፤ አቀስታዎች ከወዲሁ እየፎከሩብን ነው። ና!" አለኝ።

"አርጅቻለሁ እኮ" አልኩት።

"እንኳንም አረጀህ! የሚሮጥማ ሞልቶናል፣ የጠፋው የሚያገባ ነው።"

አርጅቻለሁ ያልኩት ለወጉ ነው። ልቤ ገና "ና" ሲለኝ ተነስቶ ሄዷል። ለምን ቢሉ፣ ለአባቴ! አባቴ የቁርኣን አስተማሪ ናቸው። እኔ ያደግሁት በፊተኛው ክፍል ደረሶቻቸው፣ ማለት ተማሪዎቻቸው፣ የእንጨት ሉሃቸውን ታቅፈው እየተወዛወዙ ቁርኣን ሲቀሩ እየሰማሁ ነው። ኳስ ሐራም ነው ብለው አያውቁም። በኳስ ተቆጥተውኝም አያውቁም። ብቻ ለሳቸው ኳስ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ሰዎች "ልጅዎ በሬዲዮ ተጠራ እኮ!" ሲሏቸው መልሳቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ጤናውስ ደህና ነው?" ነበር። ስጫወት አይተውኝ አያውቁም። አንድም ቀን! ይህ ነገር ከርሞ ከርሞ ውስጤን የሚበላ ቁስል ሆኖ ነበር፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እንኳ "ምነው አባቴ ባዩኝ" እላለሁ።

እንደገባሁ ጉልበታቸውን ስሜ ቁጭ አልኩና "አባ" አልኳቸው፣ "እስከ ዛሬ ሩቅ ሆኜ ነው። አሁን ግን ሜዳው ከደጅዎ ነው፤ ይምጡና ይዩኝ።"

ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "የምትጫወትበትን ቀን ንገረኝ፣ ኢንሻአላህ እመጣለሁ" አሉኝ።

አባቴን የሚያውቅ ያውቃል። እመጣለሁ ካሉ ዶፍ ቢወርድ ይመጣሉ። እኔ ከሌለሁበት ግን የሃያ ሁለት ጎረምሳ ግርግር ብለው ከቤት አይወጡም። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መካነ ሰላም ሜዳ ላይ ማሊያ ለብሶ መገኘት። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ስሙኝ!

የመጀመሪያው ጨዋታ ከአጅባሮች ጋር ነበር። እነሱ ዘንድ የገባነው በገበያ ማግስት ነው፤ የከብቱ ኮቴ ሜዳው ላይ ሁሉ እንዳለ ነው። ግን ምን አገባኝ! ገና ሳንሟሟቅ ደሜ ፈልቷል። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከቀኝ የተሻገረች ኳስ መጣችልኝ፣ ሳላወርዳት በግራዬ ላጥኳት፣ በረኛቸው ዞር ብሎ መረቡን ሲያይ ብቻ ነው ነገሩ የገባው። ጎል! አብረውን የመጡት ደጋፊዎች ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኹ። እኔማ በሀያ ዓመቴ እንኳ እንዲህ ቦርቄ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ረጅም ኳስ ተለቀቀችልኝ። ላሳድዳት ተነሳሁ፣ ፈጠንኩ፣ ከዚያም ፈጠንኩ፣ "ጧ!" አለ። ከግራ ታፋዬ ኋላ በኩል። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ግን ሜዳው ሁሉ የሰማ ነው የመሰለኝ። በአንድ እግሬ ነጠር ነጠር ብዬ ወደቅሁ። መሬቱን በቡጢ መታሁት። "ያረቢ፣ አሁን? አሁን ነው?" እያልኩ ጮህኩ። እኔ ሲያመኝ ማልቀስ አልችልበትም፣ መቆጣት ነው የምችለው።

ማግስቱን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ በእጇ ነካ ነካ አድርጋ አየችኝና "ጡንቻው ተሰንጥቋል። በረዶ ያዝበት፣ አርፈህ ተኛ፣ ቀስ እያልክ ትነሳለህ። ብቻ እንዳታሳሸው! ከታሸ ይብስበታል" አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

አሁን ወደ ጉዱ መጣሁ። እኛ ሀገር የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ የተዘረጋ እጅም አይመለስም። የመጀመሪያዋ አክስቴ ናት። አክስቴ ወጌሻ ናት፤ የተሰበረ የምትጠግን፣ የወለቀ የምትመልስ፣ ስንቱን ያስነሳች። ቅቤዋን በጭልፋ ይዛ ገባች፣ "ጋደም በል" አለች። "አክስቴ፣ ነርሷ እንዳይታሽ ብላለች" ልላት አፌን ስከፍት ታፋዬን ይዛዋለች። ኧረ እጇ! ብረት ነው። ጣሪያውን እያየሁ ላብ በላብ ሆንኩ። ስትጨርስ "አላህ ያሽርህ፣ ነገ እንደ ፍየል ነው የምትዘል" ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ የጎረቤታችን እናት መጡ። ክርስቲያን ናቸው፣ ከእናቴ ጋር አብረው ነው ያረጁት። ጸበል ይዘውልኝ መጥተዋል። ረጩኝ፣ መረቁኝ፤ እጅ ይዘው የመጡ ሰው ደግሞ ዝም ብለው አይሄዱም፣ "እስቲ ላሸት ላሸት ላድርግህ የኔ ልጅ" አሉ። እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምል? ሕፃን ሆኜ አዝለውኛል እኮ! ከሳቸው ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ ወታደር መጣ፤ ጦር ሜዳ የተማርኩት ነው ብሎ በጠርሙስ አንከባለለው። ከሱ ቀጥሎ ልጇ ጂዳ ያለች ሴትዮ ልጇ የላከችላትን ቅባት ይዛ መጣች። ያን ቅባት ስታሸኝ እሳት ነው የበላኝ፤ "ያቃጥላል!" ብዬ ስጮህ "አብሽር፣ ያቃጠለ ነው የሚያድን" ትለኛለች። ሁሉም በፍቅር ነው። ሁሉም ዱዓ አድርገው ነው የሚወጡት። ታፋዬ ግን እንደ ሊጥ ታሽታ ታሽታ ጠቁራ፣ አብጣ፣ የእኔ መሆኗም ቀረ።

በመንገድ ላይ እንኳ ሰላምታው ተቀየረ። "አሰላሙ አለይኩም" ከተባልኩ በኋላ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። "እግርህ እንዴት አደረች? እህል ትወዳለች? ተኛች?" እባላለሁ። አንዱ ባለሱቅ ጭራሽ "ሰላም በልልኝ" አለኝ፣ ለእግሬ! እኔም ነገሩ ሲመረኝ "ሰላም ብላሃለች፣ አንተንም ስትጠይቅ ነው ያደረች" እላለሁ፤ እሱ ግን ሳይስቅ "ወአለይኩም ሰላም" ይለኛል።

ሁለተኛው ጨዋታ እዚሁ ከተማችን ነበር። ትንሽ ሻል ሲለኝ አሰልጣኙን "እገባለሁ" አልኩት። "ቆይ" አለኝ። "ምን ቆይ ትላለህ፣ ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ!" ብዬ አፈጠጥኩበት። ነግሬያቸው ነበር፣ እውነት ነው፤ አባቴም ደረሶቻቸውን ቀደም ብለው አሰናብተው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከቤት ወጥተዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ገና በማሟሟቂያው፣ ዳኛው ፊሽካ እንኳ ሳይነፋ፣ አንድ ጊዜ ፈጠን ብል ያችው "ጧ!" ደገመችኝ።

አንዱ ሰው ደግሞ ወሬ አይቀድመውምና ሮጦ አባቴን መንገድ ላይ አገኛቸው። "ልጅዎ ተጎድቷል፣ አይጫወትም" አላቸው። "በጣም?" ብለው ጠየቁ። "አይ፣ ያችው የፊቷ ናት።" "እንግዲያ ኸይር ነው፣ አላህ ያሽረው" ብለው ሜዳው አጠገብ ካለው የችግኝ ጣቢያ ጥግ ተመለሱ። ሜዳው ከዚያ ይታያል እኮ! ዘንበል ቢሉ ይታያቸው ነበር። ይህን ስሰማ ታኬታዬን አውልቄ ወረወርኩት፣ አጥሩን አልፎ ሰው ጓሮ ገባ። በንዴት የምሆነውን አጣሁ። እናቴ ናት ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ ያመጣችልኝ።

ከዚያማ ጉዳት ጉዳትን እየጠራ መጣ። ለግራዬ ስል ክብደቴን ሁሉ በቀኜ ስጥል ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ቁርጭምጭሚቴ ሲሻለው ጉልበቴ ጀመረኝ። ቡድኑ ያለ እኔ ይጫወታል፣ ያለ እኔ ያሸንፋል። እኔ የሀገሬን ማሊያ ለብሼ ሜዳ ዳር ቁጭ ነው። ለሰው ሀገር ስንትና ስንት ዓመት የሮጠ እግር፣ አገሩ ሲገባ ይለግምብኝ? በገዛ እግሬ ላይ ቂም ያዝኩ።

መፍትሔውን ያመጣችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ከአክስቴ እጅ ስወጣ ፊቴን አየችው። በማግስቱ ጠዋት በርጩማዋን አውጥታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ቅቤ ይዞ ሲመጣ ቅቤውን ትቀበላለች፣ ቅባት ሲመጣ ቅባቱን ትቀበላለች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ መንገዱን ትዘጋለች። "ዱዓችሁን እፈልገዋለሁ፤ እጃችሁን ግን ሰብስቡልኝ። ከእንግዲህ ልጄን የሚነካ በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ" አለች። አክስቴ፣ ታላቅ እህቷ፣ እንኳ ተመለሰች! አኩርፋ ነው የተመለሰች፣ ግን ተመለሰች። እኔ ከነፍሴ ታርቄ መኝታዬ ላይ ሆኜ የማይገታ ሳቅ እስቃለሁ።

ሰዉ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከደጃችን ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ስር የሰፈሩ ዱበርቲዎች፣ ዱዓ የሚያደርጉልን ትልልቅ ሴቶች፣ ተሰብስበው ቁጭ አሉ፤ እጃቸውን ወደ ቤታችን ዘርግተው በሩቁ አሚን ሲሉ እሰማለሁ። የጎረቤታችን እናትም መሃላቸው ናቸው፤ አሚኑን ከሁሉም አስበልጠው የሚጮሁት እሳቸው ናቸው። "ያረቢ፣ ያችን ግራዋን!" ይላሉ። "አሚን!" ይላል ሰፈሩ። እና ምን ልበላችሁ፣ ሳይታሽ ሲቀር ሰነበተና እግሬ መዳን ጀመረ። መራመድ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ኳስ መንካት። እኔ ነርሷ ያለችው ደረሰ እላለሁ። ሰፈሩ ዱዓችን ደረሰ ይላል። ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባሁም።

የፍጻሜው ጨዋታ መጣ። ከማን ጋር? ከአቀስታ! የት? እኛው ሜዳ! ከተማው ለቀናት እንቅልፍ የለውም፤ ገበያ ላይ ሰው ጤፍ ሲሸምት ስለ አሰላለፍ ነው የሚያወራው። አሰልጣኙ ጠራኝና "ተቀያሪ ነህ" አለኝ። "ለጭንቅ ቀን ነው የምይዝህ፣ ይሻልህ አይሻልህ እንጃ።" ልቆጣ አልኩና ዋጥኩት።

ጠዋት ለአባቴ ነገርኳቸው። "አባ፣ ዛሬ ተቀያሪ ነኝ።"

"ተቀያሪ ምንድን ነው?"

"ሌላው ሰው ሲደክመው የምገባ።"

ትንሽ አሰቡበት። "እንግዲያ ሲደክመው እመጣለሁ" አሉ። "የአስር ሶላት ሲያበቃ ይደክመው ይሆን?"

"ኢንሻአላህ ይደክመዋል" አልኳቸው።

አቤት የዚያን ቀን ሜዳ! ሰው ከገጠር በእግሩ ገብቷል። የጭነት መኪና ዳር ዳር ተደርድሮ ጣሪያው ሰው ብቻ ነው። ከአቀስታ የመጡት ብርድ የለመዱ ናቸውና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከወዲያ በኩል ይዘፍናሉ፤ የእኛዎቹ ከወዲህ ይመልሳሉ። ነፋሱ ኖራውን ከመስመሩ እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይበትነዋል። ሜዳችን ተዳፋት ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ቁልቁል ተጫወትንና አንድ አገባን። እረፍት ወጥተን ስንመለስ ተራው የእነሱ ሆነ፣ እኛ ዳገት። ብዙም አልቆየም አቻ አደረጉን። ከዚያማ ቁልቁል እየጎረፉ መጡብን፤ በረኛችን አንዱን በእጁ፣ አንዱን በእግሩ፣ አንዱን በፊቱ መለሰ።

እኔ ዓይኔ ሁለት ቦታ ነው። ወደ ሜዳው፣ ደግሞ ወደ መስጊዱ መንገድ። የከሰዓቱ ሶላት አልቋል፤ ሰው መምጣት ጀምሯል፤ አባቴ የሉም። ከዚያ ነጭ ጥምጥም አየሁ። ቀስ ብለው፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ ሰውን "አፉ በሉኝ፣ አፉ በሉኝ" እያሉ ይቅርታ እየጠየቁ ገቡ። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ተቀመጡ። መጡ! አባቴ ኳስ ሜዳ መጡ! ተስፈንጥሬ ተነስቼ አሰልጣኙን በክንዱ ያዝኩት። "አስገባኝ።"

"እግርህስ?"

"እግሬን ተዋትና አስገባኝ! አባቴ መጥተዋል!"

ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሜዳው አየ። አንዱ አጥቂያችን ጡንቻው ተሳስሮ ተዘርሯል። ሌሎቹን ቅያሪዎች ጨርሰናል፣ የቀረችው አንዲት ናት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። "ግባ" አለኝ።

ስገባ የተነሳውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ተራው ሰው፣ ዱበርቲዎቹ፣ አኩርፋ የነበረችው አክስቴ ሳትቀር፣ "ግራዋ! ግራዋ!" ይላሉ። አቀስታዎች ሁለት ግዙፍ ተከላካዮች አሏቸው፤ አሰልጣኛቸው ከዳር ሆኖ "ያን ሰውዬ እንዳትለቁት! ሁለታችሁም!" ሲል እዚያ ድረስ ሰማሁት። የድሮ ስሜ ገና ያስፈራ ነበር። ገና ከመግባቴ አንድ ኳስ በግራ መስመር ተለቀቀልኝ። ወደ አባቴ አንድ ጊዜ አየሁና ተነሳሁ።

ሦስት እርምጃ አልሄድኩም። "ጧ!"

ይህኛው ከፊተኞቹ ሁሉ የከፋ ነው። ዓይኔ ጨለመ። ኳሷ ወጣች። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ፣ አልወደቅኩም። እንዳልወድቅ ነው ያሰብኩት፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አሰልጣኙ ገባው፣ ከዳር ሆኖ በእጁ "ውጣ፣ ውጣ" ይለኛል። ብወጣ ቡድኑ በአሥር ሰው ነው የሚቀረው። ደግሞስ አባቴ አሁን ተቀምጠው አሁን ልወጣባቸው? በአላህ! ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ኳስ የምጠብቅ መስዬ፣ እዚያው ግራ ጥግ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በውስጤ ግን እየተቃጠልኩ ነው።

ሁለቱ ግዙፎች መጥተው ከግራና ከቀኝ ያዙኝ። አንዱ በጣም ልጅ እግር ነው፤ አፍንጫው ስር ገና ማበብ የጀመረ ጺም አለው። ትንሽ ቆየና "ጋሼ፣ አይሮጡም እንዴ?" አለኝ፣ በትሕትና።

"ሰዓቱ ሲደርስ" አልኩት።

ተያዩ። "ተንኮል ይዟል፣ እንዳትነቃነቅ" አለው ትልቁ ለትንሹ። እነሱም ቀጥ አሉ! እኔ ስለማልችል ቆሜያለሁ፣ እነሱ እኔን ፈርተው ቆመዋል። ጨዋታው ወዲያ ማዶ ይነዳል፣ እኛ ሦስታችን እዚህ ጥግ ምሰሶ ሆነናል። ትንሹ አንድ ጊዜ ሊሄድ ቃጣ፤ እኔ ትከሻዬን ብቻ ወደ ፊት ሰበቅ አደረግሁ፣ ደንግጦ ተመለሰ። ባይከፋኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

ከዚያ የእኛው አማካይ ኳስ ቀማ። ቀና ሲል የአቀስታ መሃል ወለል ብሎ ታየው፤ ሁለቱ ጠባቂዎች እኔ ጋ ናቸዋ! "መሃል! በመሃል ሂድ!" ብዬ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪላጥ። ዳገቱን ኳስ እየነዳ ወጣው። ማንም የለም። በረኛው ወጣበት፣ በጎኑ አሳለፋት። መረቡ ተወጠረ!

የሆነውን መናገር አልችልም። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ተዘረገፈ። ፊሽካው ጨዋታውን ይዝጋው ጎሉን ያጽድቀው የለየ የለም፣ ሰው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ዘለለ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ጋቢ ሰማይ ላይ ወጣ። ዳኛው ሰዉን ከሜዳ እስኪያስወጣ ብዙ ቆየና ትንሽ አጫውቶ ጨረሰው። አሸነፍን። ሁሉም ወደ አማካዩ ሮጦ ተሸከመው፤ ይገባዋል። እኔ እዚያው ጥጌ ላይ ነኝ። አንድ እርምጃ ብነሳ እንደምወድቅ አውቃለሁ።

ያቺ የመጨረሻዬ ነበረች፤ አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ታኬታ አላሰርኩም። የሀገሬን ማሊያ ለብሼ የቆየሁት አጅባር ላይ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ፣ መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ቆሞ ነው። በራሴ ሜዳ ኳስ በእግሬ አልነካሁም። ከሁሉም የቆጨኝ ይሄ ነበር፦ አባቴ በስንት ዘመናቸው አንድ ቀን መጡ፣ ያዩትም የቆመ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል አንገቴን ደፋሁ፣ እንባዬ መጣ።

ጫማ አየሁ። ከዘራ አየሁ። ቀና ስል አባቴ ናቸው፤ ግርግሩን ሰንጥቀው፣ ኖራውን ተሻግረው፣ ሜዳው ውስጥ ገብተዋል። ምንም ሳይሉ በግራ በኩል መጡና ትከሻቸውን ብብቴ ስር አስገቡ።

"ደገፍ በል" አሉኝ። "እንደገባህ ነው የተበጠሰችው አይደል? እዚያች መስመር ጋ ስትደርስ።"

ደነገጥኩ። አቀስታ ያላወቀውን፣ ከተማው ያላወቀውን፣ ከሁለት ጎኔ የቆሙት እንኳ ያላወቁትን! "እንዴት አወቁ አባ?"

"ከንፈርህን ነከስክ" አሉ። "እናትህ ከእኔ ነገር ስትደብቅ እንደምትነክሰው። ይወድቃል ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ስጠብቅ ነበር፣ አልወደቅክም።" ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙት። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ክብደቴን ሁሉ ተሸከሙልኝ። ትንሽ ተራመድን። በዙሪያችን ሰው ይዘላል፣ ይጮሃል፣ ይዘፍናል፣ መኪናዎቹ ጥሩንባ ይነፋሉ።

አባቴ ቆም አሉና ግራ ገብቷቸው ዙሪያውን አዩ።

"ለመሆኑ ይህ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "አገባን እንዴ?"